የወይን ግንድ፤ ስለ ጉንደ ወይንና ስለ መርጡለ ማርያም

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ዲስኩር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል ዛሬ ማታ በዚህ ቦታ ቆሜ ዲስኩር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው የኖርሁት አንድ ዕዳ ነበረብኝና፣ እርሱን በፊታችሁ ልክፈለው ብዬ ተነሣሁ። ዕዳው የመጣው ከአንዲት አጭር መልስ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአንድ መኝታ ክፍል የነበርነው ተማሪዎች ማታ ማታ ስለየአገራችን እንጨዋወት ነበር። አንደኛው የአክሱም ልጅ ነበርና ስለ ሐውልቶቹ አወራን። ሁለተኛው ከሐረር መጥቶ ነበርና ስለ ጀጎል ግንብና ስለ በሮቹ ነገረን። ሦስተኛው የላስታ ልጅ ነበር፤ እርሱስ ገና አፉን ሳይከፍት ሁላችንም ላሊበላን አሰብንለት። ተራው ለእኔ ደረሰና «ያንተስ አገር ወዴት ነው? ምን አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ነው፤ ጉንደ ወይን ይባላል። ምንም የለበትም» አልሁ።

ምንም የለበትም! ያን ጊዜ የተቃወመኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለትሕትና ብዬ አልተናገርሁትም፤ አምኜበት ነው የተናገርሁት። የዛሬው ዲስኩሬ ያንን መልስ ለማረም ነው። ይህን ስል አገሬን ከሌላው አገር አብልጬ ላወድስ አልተነሣሁም። ከእናንተም መካከል እንደ እኔ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ቢኖር፣ መልሱን እንደገና እንዲመረምረው ለማሳሰብ ያህል ነው። የምጠራቸው ዓመታት፣ በስም ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

አስቀድሜ ስፍራውን ላስታውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ የተሻገረ መንገደኛ ደጀንን ሲያልፍ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። የግራው በደብረ ማርቆስ በኩል፣ የቀኙ በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር ያወጣል። የቀኙን የያዘ እንደ ሆነ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን፣ ሞጣን እያለፈ ይሄዳል። በስተግራው የጮቄ ተራራ፣ በስተቀኙ የዓባይ በረሃ ከእርሱ ጋር ይጓዛሉ። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ደጋውን እየሸነሸኑ ወደ ዓባይ ስለሚገቡ አገሩ ከላይ ሜዳ፣ ከዳር ገደል ነው። ሰው የሚኖረውና ጤፉን የሚዘራው በዚህ በተከፋፈለ ደጋ ላይ ነው። ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ከተማ ብላትም በገበያ ቀን ሞልታ የምትውል፣ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ገጠርነቷ የምትመለስ ስፍራ መሆኗን የሚያውቃት ያውቃል።

ከጉንደ ወይን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ ማልዶ የተነሣ እግረኛ በዕለቱ መርጡለ ማርያም ይደርሳል። እርሷም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ዛሬ በይበልጥ የምናገረው ስለዚህች ስለ ጎረቤታችን ነው። እኛ የጉንደ ወይን ልጆች ለንግሥ የምንሄድባት፣ በልጅነታችን ሰማዩ እዚያ ጋ ያልቃል ብለን እናስብባት የነበረች ስፍራ ናት።

ነገሬን በስሞች ልጀምር። ጉንደ ወይን የግእዝ ስም ነው። ጉንድ ግንድ ማለት ስለ ሆነ ጉንደ ወይን የወይን ግንድ ይሆናል። እኔ ይህን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ ስጠራው ኖሬ፣ ትርጉሙን ያወቅሁት አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ነው። መርጡልም በግእዝ ድንኳን፣ ማደሪያ፣ አዳራሽ ነው፤ መርጡለ ማርያም የማርያም ማደሪያ ማለት ይሆናል። ደብረ ወርቅ የወርቅ ተራራ ነው። በእርግጥም ቤተ ክርስቲያኑ በኮረብታው ራስ ላይ ተቀምጦ ከተማው ዙሪያውን ከቦታል። ከዚያም ወዲያ ጌቴሴማኒ ማርያም አለች፤ ስሟን ከኢየሩሳሌም የተዋሰች ናት። እንግዲህ ልብ በሉ። በእነዚህ አገሮች ግእዝ በብራና ላይ ብቻ የተቀመጠ ቋንቋ አልነበረም፤ መሬቱም ራሱ በግእዝ የተጠራ ነው። ገበሬው ማሳውን ሲያርስ፣ እረኛው ከብቱን ሲመልስ በሊቃውንት ቋንቋ ስም የወጣለትን ምድር ይረግጣል። ማንም ሊቅ ወደዚያ ሄዶ መሬቱን ሳይቆፍር፣ ስሙ ብቻ የሚመሰክረው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በመላው ኢትዮጵያ ቅኔ ሲነሣ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ይነሣሉ። ከሦስቱም ዋሸራና ጎንጅ በጎጃም ያሉ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ በመጻሕፍት ትምህርቱ የታወቀ ነው። እንዲያውም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ባትረግጡትም ዲማን ታውቁታላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ዲማን አይታችሁታል። እነሆ፣ አንድ አገር በመጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ማንም «ምንም የለበትም» አይለውም። ያልተጻፈው ግን ምን ቢኖርበት ባዶ ይባላል።

አሁን ወደ መርጡለ ማርያም ልመለስ። በአገሩ ትውፊት መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩት ጥቂት ስፍራዎች አንዷ ናት። በኋላም አብርሃና አጽብሓ በአራተኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሠሩባት ይባላል። የገዳሙ አለቃ ርእሰ ርኡሳን ተብሎ ይጠራል፤ የአለቆች አለቃ እንደ ማለት ነው። ይህ ማዕርግ ብቻውን የስፍራውን ጥንታዊ ክብር ያሳያል።

የታሪክ ተማሪ እንደ መሆኔ ግን ትውፊትና ማስረጃ ምን ጊዜ አብረው እንደሚሄዱ፣ ምን ጊዜ እንደሚለያዩ መናገር ይገባኛል። ስለ አራተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ነገሥታት በድንጋይ የተጻፈ ምስክር አለን። ንጉሥ ዒዛና በግእዝና በግሪክ ቋንቋ ያስጻፋቸው ጽሑፎች ዛሬም በአክሱም ይታያሉ። ስለ መርጡለ ማርያም ግን በእጃችን ያለው የተጻፈ ምስክርና ቆሞ የሚታየው ሕንፃ የሚያደርሱን ወደ ዐሥራ ስድስተኛውና ወደ ዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ነው። ይህን ስል ትውፊቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ሽማግሌው የሚናገረውን በሽማግሌው ስም፣ ድንጋዩ የሚናገረውን በድንጋዩ ስም ለይተን እንጻፈው ማለቴ ነው። ሁለቱን ብንደባልቃቸው ሁለቱንም እናጠፋቸዋለን።

ድንጋዩ የሚናገረው ምንድን ነው? አስቀድሞ የሚነሣው የንግሥት እሌኒ ስም ነው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ። ከሐድያ ወጥተው ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የገቡት በ1434 ነግሠው በ1468 ባረፉት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በተከታታይ በነገሡት ነገሥታት ዘመን ምክራቸው ይሰማ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሆነው በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት የመሩ እሳቸው ናቸው። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። ማቴዎስም ብዙ ተንከራቶ በ1514 ሊዝቦን ደረሰ። መልሱን የያዙት የፖርቱጋል ልዑካን በ1520 ምጽዋ ወረዱ። ከእነርሱም ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውንና የሰማውን በመጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል። ንግሥት እሌኒ በጎጃም ሰፊ ጉልት ነበራቸው። መርጡለ ማርያምን በድንጋይ ያሳነጹም እሳቸው ናቸው። በ1522 ገደማ ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ሕንፃው መቃጠሉ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1607 እስከ 1632 በነገሡት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ ስፍራው መጡ። በጽሑፋቸውም በወረዳው ስም እነብሴ እያሉ ይጠሩታል። ከእነርሱ መካከል ብሩኖ ብሩኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ቄስ በፍርስራሹ ላይ ሕንፃውን እንደገና አቆመ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ከነገሡ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ ሕንፃው ለዕድሜና ለዝናብ ተተወ። ሕዝቡ ግን ስፍራውን አልተወም። እንደ አገሩ ልማድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ በአሮጌው ግንብ አጠገብ መቀደሱን ቀጠለ።

እንግዲህ ዛሬ ወደ መርጡለ ማርያም የሄደ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ክቡ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእርሱም አጠገብ ጣሪያው የወደቀ ግንብ አለ። በግንቡ ድንጋዮች ላይ በጥንቃቄ የተፈለፈሉ አበቦችና ሐረጎች ይታያሉ። የሐድያዋ ልጅ ያሳነጹት፣ ኢጣሊያዊው ቄስ የጠገነው፣ የጎጃም ገበሬና ካህን የጠበቀው አንድ ግንብ ነው። በአንድ ግንብ ውስጥ ይህን ያህል ዓለም መገናኘቱን ሳስብ፣ ያ «ምንም የለበትም» ያልሁት መልስ እንደ እሾህ ይወጋኛል።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። የዲስኩሬ ዋና ነገር በዚህ ላይ ነውና።

በሁለተኛው ዓመት አንድ መምህራችን ስለ መጡበት አገር አጭር ጥናት እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ የምጽፈው የለኝም ብዬ እያጉረመረምሁ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እዚያም ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1842 መርጡለ ማርያምን አይቶ እንደ ነበረ አነበብሁ። ስለ ፍርስራሹም የጻፈው ጽሑፍ የለንደን የጥንታዊ ቅርስ ማኅበር በሚያሳትመው አርኬኦሎጂያ በተባለው መጽሔት በ1847 ታትሟል። ርእሱን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ አታጋንን በሉኝ። እኔ በሬ እየነዳሁ ያደግሁበት ምድር፣ አያቴ ጥር ሃያ አንድ ቀን ይዛኝ የምትሄድበት ደብር፣ በለንደን ለሊቃውንት ጉባኤ ተነብቦለታል! ማንበቤን እንደ ቀጠልሁ ደስታዬ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። እንግሊዛዊው ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ ያየውን እኔ በደጄ ሳለ አላየሁትም ነበር።

ከዚህም የባሰው ነገር በኋላ ትዝ አለኝ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በንግሥ ቀን ከአያቴ ጋር ሄጄ፣ ታቦቱ እስኪገባ ድረስ ደክሞኝ ከአሮጌው ግንብ አጠገብ በወደቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እበላ ነበር። ድንጋዩ ላይ የአበባ ቅርጽ ነበረበት፤ ጣቴን በቅርጹ ውስጥ አዞርሁት። አያቴም አየችኝና «ተነሥ አባቴ! የንግሥት እሌኒ ድንጋይ ነው፤ አይቀመጡበትም» አለችኝ። እኔም ተነሣሁ፤ ዳቦዬን ጨረስሁ፤ ረሳሁት።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ቤክ በለንደን ያሳተመውን ዋና ነገር ታውቅ ነበር። ማን እንዳሳነጸው ታውቅ ነበር፤ እንዴት መጠበቅ እንደሚገባውም ታውቅ ነበር። አስቀድማ ለእኔ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ እኔ ግን የሰማሁት ከእንግሊዛዊው ነው። ይህን ነገር ባስታወስሁ ጊዜ አያቴ ዐርፋ ነበር። ስለ ንግሥቲቱ ሌላ ምን ትናገር እንደ ነበረ፣ እርሷስ ከማን እንደ ሰማችው የምጠይቃት የለችም። ቤክን ግን ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበዋለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመጽሐፍ ያለው ይቆየናል። በአያቶቻችን አፍ ያለው ግን በየክረምቱ እየጎደለ ነው። ከግንቡ ድንጋይ ይልቅ ፈጥኖ የሚፈርሰው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በግሪክ አገር በፓርናሶስ ተራራ ወገብ ላይ ካስትሪ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ገበሬዎቿ የሚኖሩት በጥንታዊቷ በዴልፊ ፍርስራሽ ላይ ነበር። የጥንት ግሪኮች የምድር እምብርት ናት የሚሏት፣ ነገሥታትም ምክር ይጠይቁባት የነበረች ዴልፊ ማለት ናት። የካስትሪ ሰዎች ቤት ከቤተ መቅደሱ ድንጋይ የተሠራ ነበር። በ1891 የፈረንሳይ ሊቃውንት ስፍራውን ለመቆፈር ፈቃድ አገኙ፤ የፈረንሳይም መንግሥት ገንዘብ መደበ። ነገር ግን ለመቆፈር መንደሯ መነሣት ነበረባት። በ1892 ሥራው ሲጀመር ሰዎቹ ተቃወሙ፤ ሥራውም በወታደር ጥበቃ እስከ መካሄድ ደረሰ። በመጨረሻ መንደሯ ከነሰዎቿ ተነሥታ ትንሽ ራቅ ብላ እንደገና ተሠራች፤ ስሟም ዴልፊ ተባለ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዐይነት ፍርድ መስጠት ይቻላል። አንደኛው፣ ካስትሪ ባትነሣ ኖሮ ዓለም ዛሬ በዴልፊ የሚያየውን ቤተ መቅደስና ሐውልት አያይም ነበር የሚል ነው፤ እውነት ነው። ሁለተኛው፣ ስፍራውን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ሰዎች በገዛ ቀያቸው ነገር የመጨረሻ ተጠያቂዎች ሆኑ የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። በእኛም አገር በላሊበላ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ የጻፈ ሰው በስፍራው ላይ ቃል ይኖረዋል። ያልጻፈ ሰው ግን ባለ ርስት ቢሆንም እንደ እንግዳ ይቆጠራል። የካስትሪ ገበሬዎች ከሊቃውንቱ ጋር የተነጋገሩት ሊቃውንቱ ሁሉን ካወቁ በኋላ ነበር። የመርጡለ ማርያም ሰዎችስ እንዴት ይሆኑ ይሆን?

ይህን ጥያቄ የማነሣው በከንቱ አይደለም። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ በመርጡለ ማርያም አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወሎ ቦረና መካነ ሰላም የሚገባውን መንገድ ታውቁታላችሁ። መንገድ ሕይወት ነው፤ እኔ መንገድ የሚጠላ ሰው አይደለሁም። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ያደረ ሰው መንገድን አይጠላም። ነገር ግን መንገድ በደረሰበት ሁሉ ከተማ ይሰፋል፤ ከተማ ሲሰፋ መሠረት ይቆፈራል፤ መሠረት ሲቆፈር ድንጋይ ይፈለጋል። አንድ የተቀረጸ ድንጋይ በአንድ አዲስ ቤት መሠረት ውስጥ ከገባ በኋላ ስሙን ጠርቶ የሚያወጣው የለም። ግንበኛው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ «ተነሥ አባቴ» የሚል ሰው በአጠገቡ ስላልነበረ ነው።

ይህን ዲስኩር ሳዘጋጅ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ብሎ ተከራከረኝ። «እናቶችህ ውኃ በጀርባቸው እየቀዱ አንተ ስለ አበባ ድንጋይ ትናገራለህ። አስቀድሞ ውኃ፣ መብራት፣ ሐኪም ይግባ። ድንጋዩ አምስት መቶ ዓመት ቆይቷል፤ አሁንም ይቆይ!» ክርክሩ የዋዛ አይደለምና በዚህ መድረክ ልመልስለት ይገባኛል።

በመጀመሪያ፣ ውኃው ይቅደም ባለው እስማማለሁ። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ደብተርና እርሳስ ነው፤ የደብተርና የእርሳስ ዋጋ የውኃ ጉድጓድ አያስቀርም። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ይቆያል ማለቱ ስሕተት ነው። ድንጋዩ የቆየው የሚያውቁት ሰዎች ስለ ቆዩ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። «ምንም የለበትም» የተባለ አገር ምንም አይጠየቅም፤ ስለዚህም ምንም አይደረግለትም። ውኃ ለማን ይግባ፣ መንገድ በየት ይለፍ፣ ሰው ወዴት ይዛወር ተብሎ ሲመከር ስሙ የታወቀ አገር ይታሰባል፤ ስሙ ያልታወቀ ይረሳል። ጓደኛዬ ውኃውንና ድንጋዩን እንደ ሁለት ጣውንቶች ያያቸዋል። እኔ ግን ድንጋዩ ለውኃው ጠበቃ ሊሆን ይችላል እላለሁ። ገበሬውም ቢሆን እንጀራ ብቻ የሚፈልግ ፍጥረት ነው ብሎ ማሰብ፣ ፊደል ባልቆጠረችው አያቴ ላይ እንኳ የሚፈረድ ፍርድ አይደለም። እርሷ በድካም ውስጥ ሆና ስለ ድንጋዩ ክብር ትጨነቅ ነበርና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወቀሳ ብቻ ተናግሬ ብወርድ ዲስኩሬ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ለመጪው የክረምት ዕረፍት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የምናገረውም ለእነብሴ ወይም ለጎንቻ ልጆች ብቻ አይደለም፤ ከየትም ለመጣችሁ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ስሞችን እንጻፍ። የየማሳው፣ የየምንጩ፣ የየጉብታው፣ የየመሻገሪያው ስም በካርታ ላይ የለም። አንድ ተማሪ በአንድ ክረምት የቀበሌውን ስሞች ከሽማግሌዎች ጠይቆ ሊጨርስ ይችላል። ስሙን ብቻ ሳይሆን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ የተሰጠውን መልስ ሁሉ ይጻፍ። መልሶቹ እርስ በርሳቸው ቢለያዩ ሁሉንም ይጻፍ እንጂ ራሱ አይፍረድ።

ሁለተኛ ቃልን እንጻፍ። ዛሬ ሁላችን በኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይዘናል፤ ቤክ ይህ አልነበረውም። የአያቶቻችንን፣ የካህናቱን፣ የየኔታን ቃል ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንቅዳ። ማን ተናገረው፣ መቼ ተናገረው፣ ከማን ሰማው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተቀዳ ቃል ግን ግማሽ ነው። አክብሮታችንንም አንርሳ። ሽማግሌ እንደ ተከሳሽ አይመረመርም። መጀመሪያ እጅ ይነሣል፣ ከቡናውም ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።

ሦስተኛ ድንጋዩን እንመዝግብ። መመዝገብ ማለት መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ያለበትን ቦታ መጻፍ ነው። ማንሣት፣ ማጠብ፣ መቆፈር፣ ይልቁንም ለማስታወሻ ብሎ መውሰድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ያየነውንም ለደብሩ አለቃና ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት እናሳውቅ።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሕግ እንጨምር። የጻፍነው ሁሉ አንድ ቅጂ ወደ ተጻፈበት መንደር ይመለስ፤ በትምህርት ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ይቀመጥ። ተጓዦች ከአገራችን ብዙ ጽፈው ሄደዋል። የጻፉትን ግን የተጻፈለት ሕዝብ አላነበበውም። እኛም የእነርሱን ስሕተት ደግመን፣ ከመንደሩ ወስደን ለዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ብቻ ብንሰጥ፣ ቆዳችን ቢጠቁርም ሥራችን የእንግዳ ሥራ ይሆናል።

ለመምህራኖቻችንም ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው፣ እንዲህ ያለው የክረምት ሥራ በትምህርታችን ውስጥ እንደ ጥናት ጽሑፍ እንዲቆጠርልን ነው። ተማሪ ማርክ የሌለበትን ሥራ እንደሚያዘገይ እናንተም ተማሪዎች ነበራችሁና ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው፣ የታሪክና የቋንቋ መምህራን ተባብረው የቤክን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዲመልሱልን ነው። እኔ በጀማሪ አቅሜ ለመርዳት ዝግጁ ነኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ በጥር ሃያ አንድ ለመርጡለ ማርያም ካህናት ባስረክብ፣ ከዲግሪዬ የማያንስ ደስታ ይሆንልኛል።

ወደ መነሻዬ ልመለስና ልጨርስ። ያን ማታ ከጠየቁኝ ሦስት ጓደኞቼ ሁለቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እየሣቁ ያዩኛል። እንግዲህ በእናንተ ምስክርነት መልሴን አርማለሁ። አገሬ ጉንደ ወይን ነው፤ የወይን ግንድ ማለት ነው። በአጠገቡ የንግሥት እሌኒ ግንብ አለበት። ግንቡንና ታሪኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉበት፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ገና አልተጠየቁም። ክረምቱ ሲደርስ እኔ ወደዚያ እሄዳለሁ። እናንተስ ወዴት ትሄዳላችሁ?